አንዱ መስመር ለአሸዋ፣ አንዱ ለትንፋሽ

ሐምሌ 9

ይድረስ ለኩርፊት አባት፤

«ከስንት ዘመን በኋላ ምነው ዛሬ ትዝ አልኩሽ? ማን ሞተ?» ብለህ ጽፈህልኛል። ማንም አልሞተም። ያቺን አንድ መስመር ወረቀት የላኩልህ ከእህትህ የተቀበልኩት አድራሻ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ነው እንጂ ላስደነግጥህ አልነበረም። አስደንግጬህ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

የምጽፍልህ ስለ ሥራ ነው። ድንጋይ ቤቱን አልዘጋሁትም። አንተ ከሄድክ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ «ከወር አታልፍም» ብሎኝ ነበር፤ ይኸው አለሁ። ዛሬም የሰው ሁሉ መቃብር ላይ ስም የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ፊደሉን ጎማ ላይ ቀድጄ ድንጋዩ ላይ እለጥፋለሁ፣ አሸዋውን በአየር እረጨዋለሁ፣ ጎማው የሸፈነው ይተርፋል፣ ክፍቱ ይቦረቦራል። አንተ እንዳስተማርከኝ ነው፤ ምንም አልለወጥኩም።

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ማሽኑ አመል አውጥቷል። ፔዳሉን ስረግጥ ትንሽ ይረጭና እንደ ጉንፋናም ሰው ያስነጥሳል፤ ከዚያ ጭራሽ ይዘጋል። የመርጫውን አፈሙዝ ስፈታው ውስጡ ጭቃ ነው። ዕቃ መሸጫ ሄጄ ብነግረው ሰውዬው «እህቴ፣ ይሄ መፍትሔሽ ነው» ብሎ ማጣሪያና ግፊት የሚመጥነው ሬጉሌተር አንድ ላይ የተገጠመበት ዕቃ ሰጠኝ። እዚያው አየር የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ታንክ አፍ ላይ ገጠምነው። የሚገርመው፣ ማጣሪያው ሆድ ውስጥ ጠብታ ውሃ አይታይም፤ አፈሙዙ ላይ ያለው ጭቃ ግን ያው ነው።

አሁን አንድ ድንጋይ መሃል ፊደል ላይ ቆሞብኛል። ይሄንን ድንጋይ መጨረስ አለብኝ። ማሽኑን የገጠምከው አንተ ስለሆንክ አመሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም።

የኩርፊት እናት

ፊርማዬን አይተህ ቅር እንዳይልህ። ሌላ ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ፍርድ ቤት ያፋታው እኔንና አንተን ነው። ልጅቷ ባትኖርም ከእሷ ያፋታኝ የለም።


ሐምሌ 26

ይድረስ ለኩርፊት እናት፤

ዘገየሁብሽ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እዚህ ያለሁበት ጎማ ቤት ክረምት ሲሆን ፋታ አይሰጥም። ፊርማሽ ቅር አላለኝም።

ሻጩን አትውቀሺው፤ ዕቃው ደህና ነው፣ የተሳሳተው ቦታው ነው። አየር ሲታመቅ ይግላል። የጋለ አየር ደግሞ ውሃውን በሆዱ ደብቆ ነው የሚጓዘው። ማጣሪያ መያዝ የሚችለው ጠብታ የሆነውን ነው፤ እንፋሎቱ ፊቱ ላይ እየሳቀበት ያልፋል። አንቺ ማጣሪያውን የሰቀልሽው አየሩ ገና ትኩስ ሆኖ የሚወጣበት አፍ ላይ ነው። እሱ ሰላም ብሎ ያሳልፈዋል፣ አየሩ ወደ ማሽኑ የሚወስደው የጎማ ቱቦ ውስጥ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው እዚያ ይወለዳል። ጭቃሽ ከዚያ ነው የመጣው።

ስለዚህ አየሩ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ከታንኩ ጀምረሽ የብረት ቧንቧ በግድግዳው ላይ አስዘርጊ፤ ሲረዝም ይሻላል። ቀጥ ብሎ አይሂድ፤ ወደ መጨረሻው በትንሹ ያዘቅዝቅ። ጫፉ ላይ ወደ ታች የሚወርድ እግር ይኑረውና መዝጊያ ይደረግለት፤ ውሃው ሮጦ እዚያ ይከማቻል፣ ጠዋት ጠዋት ታፈሺዋለሽ። ወደ ማሽኑ የሚሄደውን ቅርንጫፍ ከቧንቧው ሆድ እንዳታወጪው፤ ከጀርባው ይውጣ፣ ወደ ላይ ይነሳ፣ ታጥፎ ይውረድ። ውሃ ወደ ላይ አይዘልም።

ማሽኑ አጠገብ ሲደርስ መጀመሪያ ማጣሪያው፣ ከእሱ ቀጥሎ ሬጉሌተሩ ይሁን፤ ሬጉሌተር ቆሻሻና ውሃ ከጠጣ ልቡ ይበላሻል። ዕቃው ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ አየሩ ወደሚሄድበት ያመልክት። የታንኩንም ሆድ ማፍሰስ አትርሺ፤ ያኔም ትረሺ ነበር።

ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። የቆመብሽ ድንጋይ የማን ነው? ምን ያህል ቢያስቸኩል ነው ለእኔ የጻፍሽው? ስትረጪ አፍና አፍንጫሽ ላይ ምን ታደርጊያለሽ?

እንዴት ነህ ብለሽ ስላልጠየቅሽኝ አልመልስም። ደህና ነኝ።

የኩርፊት አባት


ነሐሴ 8

ይድረስ ለኩርፊት አባት፤

እንዴት ነህ? ይኸው ጠየቅኩ። ያኔ አለመጠየቄ ንቄህ አይደለም። ብጠይቅ ብዙ ነገር ተከትሎ እንዳይመጣ ፈርቼ ነው።

ቧንቧው ተዘረጋ። ቧንቧ ሠራተኛው መሰላል ላይ ሆኖ ሲስቅብኝ ዋለ። «እትዬ፣ ሰው ቧንቧ የሚያስገባው ውሃ ለማምጣት ነው፤ እርስዎ ውሃ ለማባረር!» ይለኛል። በማግስቱ ጠርቼው መዝጊያውን ከፈትኩለት። ጣሳ ሙሉ ዝገት የመሰለ ውሃ ዘረገፈ። ሳቁን ዋጠና «ይሄ ሁሉ ከአየር ላይ?» አለ። በቃ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዋቂ ነው የሚያየኝ። አንተ ነህ አዋቂው አላልኩትም።

አሸዋው አሁን ደረቅ ነው። ሌላ ጣጣ ግን መጣ። ፔዳሉን ሳልረግጥ የግፊት መለኪያው ጌጅ ስድስት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስረግጠው ወዲያው ሦስት ይወርዳል። የሬጉሌተሩን ብሎን ባጠብቀው፣ ባጠብቀው ያው ነው። አሸዋው ድንጋዩን ይነካዋል እንጂ አይበላውም።

ድንጋዩ የማን ነው ላልከው፣ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

የእሷ ነው። ከበሩ ኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረን ያቆምነው። አንተ ከካባው ድረስ ሄደህ መርጠህ ያመጣኸው፣ ካመጣኸው በኋላ ሁለታችንም ያልነካነው። አንተ ሄድክ፣ ቆሞ ቀረ፤ እኔ ዙሪያውን እጠርጋለሁ፣ እንደቆመ ነው። የአገሩን ሙት ሁሉ ስም እየጻፍን የራሳችን ልጅ በእንጨት ምልክት ብቻ ቀረች። አሁን የመቃብር ጠባቂው አስጠርቶኝ «እንጨቱ በስብሷል። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድንጋይ ያልቆመበት ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብሏል፤ እኔን አይዩኝ፣ ትእዛዝ ነው» አለኝ። ሽማግሌ ነው፣ ሲነግረኝ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሙሉ ስሟን ለመጀመር አቅም አጣሁ። ከታች በሚገባው በቤት ስሟ ልጀምር ብዬ «ኩርፊት» የሚለውን ለጠፍኩ። «ፊ» ላይ ነው ማሽኑ የቆመው።

የኩርፊት እናት


ነሐሴ 24

ይድረስ ለኩርፊት እናት፤

ደብዳቤሽን አነበብኩት። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ እኔ ያመጣሁትን ድንጋይ ሳትነግሪኝ እንዴት ትጀምሪዋለሽ ብዬ። ቀጥሎ ደግሞ ማን ሆኜ ነው የምነገረው አልኩ። ለጠባቂው ንገሪው፣ ድንጋዩ ይቆማል በይው።

ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። «ኩርፊት» ብለሽ አትጻፊ። ድንጋይ የሚቆመው ለማያውቃት ሰው ጭምር ነው። አላፊ አግዳሚው አንብቦ «ምን ዓይነት አኩራፊ ልጅ ብትሆን ነው» እንዲል አልፈልግም። ሙሉ ስሟ ያምራል፤ እሱ ይበቃታል። የጀመርሽውን እኔ አደርገው እንደነበረው በመዶሻና በመሮ አውርደሽ አለስልሺው።

አሁን ስለ ሬጉሌተሩ። ችግሩ ብሎኑ አይደለም፣ ዕቃው ራሱ ጠቦ ነው። ያ ሰውዬ የሸጠልሽ ለቀለም መርጫ የሚሆነውን ነው። ቆሞ ሲታይ ጌጁ ትክክል ይናገራል፣ ምክንያቱም አየሩ አይሄድም። ስትረግጪ ማሽኑ ብዙ አየር ይጠይቃል፣ እሱ በዚያች ጠባብ ጉሮሮው ማሳለፍ አይችልም፤ ግፊቱ ይወድቃል። ዕቃ ስትገዢ የአፉን ስፋት ብቻ አትዪ፤ በደቂቃ ስንት አየር ያሳልፋል ብለሽ ጠይቂ፣ ማሽኑ ከሚፈልገው በልጦ ይሁን። ማጣሪያውንም አብረሽ ለውጪው። ትልቅ ሬጉሌተር በትንሽ ማጣሪያ ጀርባ መትከል ሰውን አፍኖ ሩጥ እንደማለት ነው። ከታንኩ እስከ ማሽኑ ያለውም ጎማ እንዲሁ ሰፊ ይሁን።

ግፊቱንም ስታስተካክዪ ፔዳሉን ረግጠሽ፣ አየሩ እየሄደ ይሁን። ቆሞ የተለካ ግፊት ይዋሻል።

ከሦስቱ ጥያቄዬ አንዱን ዘለልሽው። አፍና አፍንጫሽ ላይ ምን ታደርጊያለሽ? መልሺልኝ።

የኩርፊት አባት


መስከረም 10

ይድረስ ለኩርፊት አባት፤

ትልቁ ሬጉሌተር ተገጠመ። አሁን ስረግጠውም ጌጁ አይነቃነቅም። «ፊ»ን በአንድ ትንፋሽ በላው፤ «ት» እንኳን ሳላስበው አለቀ። አውርደሽ አለስልሺው ያልከውን ሳላነበው ቀርቼ አይደለም። አንብቤው ነው ያላደረግኩት።

ስማ። ያንን ስም ያወጣህላት አንተ ነህ። በሆነ ባልሆነው እያኮረፈች ኮምፕሬሰሩ ጀርባ ገብታ ፊቷን አዙራ ስትቀመጥ «ኩርፊቴ፣ ምሳ ቀርቧል» የምትላት አንተ ነበርክ። «አልበላም!» ትላለች። አንተም እዚያው ቆመህ ትጠብቃለህ፤ ታንኩ ሞልቶ ሞተሩ ሲጠፋ ያ «ጢስስ» የሚለው ትንፋሹ ያስቃታል፤ ሳቋ ያመልጣታል። «አልሳቅኩም እኮ! ማሽኑ ነው!» ስትል አሁንም ይሰማኛል። በሙሉ ስሟ የጠራት ማን ነው? መምህሯና ሐኪሙ። ያ የወሰዳት ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ካርዷ ላይ የነበረው ሙሉ ስሟ ነው። ሙሉ ስሟን ሳይ የሚታየኝ ካርዱ ነው። አላፊ አግዳሚው ያለውን ይበል። እኔ ስሄድ የማነበው የእኛን ልጅ መሆን አለበት።

ሙሉ ስሟን ከላይ እጽፈዋለሁ፤ ለአንተ ብዬ። ታች ያለው ይቆያል፤ ለእኔ።

አፍና አፍንጫዬ ላይ ሻሽ ነው የማስረው፤ እንደ ድሮው። ረጥቦ ሲታሰር ይይዛል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ያለፈው ደብዳቤህ ሁለተኛው ገጽ የአንተ ጽሕፈት አይደለም። ክብ ክብ ያለ፣ የሴት እጅ የሚመስል ነው። ሴት ካለች ንገረኝ፤ አልቆጣም። በእኔ ዕድሜ ቅናት ጊዜ ማባከን ነው። ግን ስለ ልጄ የሚጻፈውን ማን እንደሚያነብ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የኩርፊት እናት


መስከረም 23

ይድረስ ለኩርፊት እናት፤

ጸሐፊዋ አከራዬ ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እኔ እላለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ቅናትሽን ሳነብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። እጄን ትንሽ ስላመመኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

(እህቴ፣ እኔ አከራዩ ነኝ። ይሄን የምጽፈው እሱ ሳያውቅ ነው፤ መነጽሩን ስላወለቀ አያየኝም። እጁን አይደለም ያመመው። ጎማ ቤቱን ከተወ ከርሟል። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለመሄድ መሃል ላይ ያርፋል። ጋደም ማለት አይችልም፤ ተቀምጦ ነው የሚተኛው። ሐኪሙ በፊቴ ነው የነገረው፤ በወጣትነቱ የሳበው የአሸዋ ብናኝ ሳንባውን አድርቆታል፣ የሚመለስ ነገር የለውም አለው። «ለእሷ እንዳይጻፍ» ብሎ አስምሎኛል። መሐላዬን አፈረስኩ፤ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።)

ሻሽ አሰርኩ ያልሽው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እባክሽ ስሚኝ። ሻሽ የሚይዘው ዓይንሽ የሚያየውን ብናኝ ነው። የሚጎዳሽ የማታዪው ነው። የወንዙን አሸዋ ዛሬውኑ ተይው፤ ለዚህ ሥራ የሚሸጥ ቡናማ የማዕድን ብናኝ አለ፣ እሱን ግዢ። አየር በጎማ የሚገባበት ሙሉ ጭንብል አድርጊ። ያለ እሱ ፔዳሉን እንዳትረግጪ።

ለጭንብሉ መስመሩ ለብቻው ነው። ከዋናው ቧንቧ ጀርባ ላይ፣ ከአሸዋው ማጣሪያና ሬጉሌተር በፊት ሌላ ቅርንጫፍ አውጪ። እዚያ ላይ መጀመሪያ ውሃ የሚይዘው፣ ቀጥሎ የኮምፕሬሰሩን የዘይት ጉም የሚይዘው ደቃቁ፣ ቀጥሎ ሽታ የሚይዘው ባለ ከሰሉ ማጣሪያ ይሰለፍ። መጨረሻ ላይ የራሱ ትንሽ ሬጉሌተር ይሁን፤ ለአሸዋው ስድስት የምትሰጪውን ለራስሽ እንዳትሰጪ፣ ጭንብሉ የሚፈልገው ትንሽ ነው፣ ከእሱ ጋር በሚሰጥሽ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሻጩ «ለመተንፈሻ» ተብሎ የተሠራውን ይስጥሽ፤ «ያው ነው» ካለሽ ትተሽው ውጪ፣ ያው አይደለም። ከሰሉ ደግሞ የሞተር ጭስ አይዝም፤ ሰው ሳያውቀው የሚገድል ጭስ ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ አየር የሚስብበትን አፍ በቱቦ ወደ ደጅ፣ ጄኔሬተርና መኪና ወደማይደርስበት አውጪው። ማጣሪያዎቹን ጊዜያቸው ሳያልፍ ቀይሪ።

(ይሄን ሲነግረኝ ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ ብታዪ። አንዷን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ነው የሚተነፍሰው። «ይበቃል፣ ነገ እንቀጥል» ብለው «እምቢ፣ ነገ ፔዳሉን ትረግጣለች» አለኝ።)

ስለ ስሟ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን። እኔም ስጠራት ሙሉ ስሟ አይመጣልኝም።

የኩርፊት አባት


ጥቅምት 11

ይድረስ ለኩርፊት አባት፤

አከራይህን አትቆጣቸው። ጽፈውልኛል፤ ሁሉንም ጽፈውልኛል። ከዛሬ ጀምሮ ደህና ነኝ እያልክ እንዳትጽፍልኝ።

ያንን ገጽ ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን ምንም አልሠራሁም። ወንበር አውጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። አንተና እኔ ያለ ምንም መሸፈኛ፣ ቅንድባችን ነጭ እስኪሆን እየረጨን፣ በኋላ ተያይተን የምንስቀው ትዝ አለኝ። «አረጀሽ» ስትለኝ፣ «አንተም» ስልህ። ሳቃችን ሁሉ አስጠላኝ። አንተ ከእኔ ይልቅ ቀድመህ የጀመርክ፣ ከእኔ ይልቅ ብዙ የረጨህ፤ ከባድ ከባዱን ለራስህ ትይዝ የነበርክ።

ከዚያ ተነስቼ ያልከውን ሁሉ አደረግኩ። የወንዙን አሸዋ ግንበኞች ወሰዱት። ሻጩ «ያው ነው» አለኝ፤ ትቼው ወጣሁ፣ ሌላ ቦታ አገኘሁ። ቧንቧ ሠራተኛው ሁለተኛውን መስመር ዘርግቶ ማጣሪያዎቹን ሲደረድር «እትዬ፣ ይሄኛው ደግሞ ለማን ነው?» አለኝ። «ለእኔ» አልኩት። የኮምፕሬሰሩ መሳቢያ አሁን በኋላ ግድግዳ በኩል ወደ ግቢው ዛፍ ወጥቷል።

ጭንብሉን መጀመሪያ ሳጠልቀው ፈራሁ። ከዚያ አየሩ መጣ። ቀዝቃዛ ነው፤ ምንም አይሸትም። በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ዘመን ስሠራ እንዲህ ያለ አየር ስቤ አላውቅም። ለአንተ ያልደረሰህን እየሳብኩ እንደቆምኩ ሳስብ እግሬ ፔዳሉ ላይ ከበደኝ። ግን ረገጥኩት። ሙሉ ስሟን ከላይ ጻፍኩ፤ ፊደሉ ሁሉ እኩል ጥልቀት አለው፣ ጠርዙ አልተሸረፈም። አይተኸው ቢሆን ጣትህን ታስኬድበት ነበር። ጎማውን ልጬ ሁለቱም ስሞች አንድ ላይ ሲወጡ አለቀስኩ። ጭንብል ውስጥ እንባ መጥረግ አይቻልም፤ ዝም ብሎ እንዲወርድ መተው ነው።

ድንጋዩ ትናንት ቆመ። ቧንቧ ሠራተኛውና ጠባቂው ተሸከሙልኝ። ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ኩርፊት» ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። እንደፈራኸው አላለም። «የልጅ ልጄም እንዲህ ናት» ነው ያለው።

አሁን የመጨረሻው ነገር። ከድንጋይ ቤቱ ራቅ ብሎ፣ ግቢው ማዶ ያለውን ክፍል አጽድቻለሁ። አቧራ አይደርስበትም፤ መስኮቱ ወደ ዛፉ ነው። እንደ ባልና ሚስት እንሁን አላልኩህም፤ እንደ ድሮው አላልኩህም። አንተ ብቻህን በሰው ቤት ተቀምጠህ ትንፋሽ እየቆጠርክ፣ እኔ እዚህ የሰው ሁሉ ስም እየጻፍኩ መኖር አልችልም። መንገዱን መቻልህን ሐኪሙን እዚያው መጥቼ ራሴ እጠይቀዋለሁ። አይቻልም ካለ እኔ እዚያ እቀመጣለሁ። ድንጋይ ቤቱ ለጊዜው ይዘጋል፤ ሙታን አይቸኩሉም።

ሐሙስ ሳምንት እመጣለሁ። ፈቃድ አልጠየቅኩህም።

የኩርፊት እናት


ጥቅምት 17

የኩርፊት እናት፤

ይሄን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ አጭር ነው።

«አትምጪ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አከራዬ ከእጄ ነጥቀው ቀደዱት። ልክ ናቸው።

ነይ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ከደረጃው በስተግራ። በሩ አይቆለፍም፤ ገፋ አድርጊው። ከስቻለሁ፣ አትደንግጪ። አብዛኛውን ቀን የሚወስደኝ እንቅልፍ ነው፣ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ።

ተኝቼ ካገኘሽኝ፣ ይረፍ ብለሽ እንዳትጠብቂ። ቀስቅሺኝ።